ለውድድር ብዬ ታሪክ መጀመር ተውኩ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ፍርድ ቤት የሚገባ አቤቱታ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ እተይባለሁ። የራሴን ጠዋት ከመግባቴ በፊትና ማታ ከወጣሁ በኋላ እጽፋለሁ። ልብወለድ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። መጽሐፍ አላሳተምኩም። ያለኝ ዘጠኝ ያለቁ አጫጭር ታሪኮች፣ አንድ ያላለቀ ረጅም ልብወለድ እና ወደ ውድድር የላክኩትን ሁሉ የምመዘግብበት ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ባለፈው ወር የመጣች አንዲት ተማሪ ናት። ሱቁን ልንዘጋ ስንል እየሮጠች ገባች። ፍላሽ ይዛለች፣ ለውድድር የምትልከው ታሪክ ነው፣ ማስረከቢያው በማግስቱ ነው። እያተምኩላት ዓይኔን ጣል አደረግኩበት። አጀማመሩ በጣም ጥሩ ነው። ወንድሟን ልትቀበል መናኸሪያ የቆመች ልጅ አለች፣ ብርቱካን ልጣ ልጣጩን የምትጥልበት አጥታ በእጇ ጨብጣዋለች፣ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ጭብጧ ይጠብቃል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ድንገት ሰፈርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ስለ ሰላም ጥቅም ማውራት ይጀምራል። "ምነው እዚህ ላይ?" ስላት "የውድድሩ ርዕስ ሰላም ነዋ" አለችኝ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥታበታለች። እኔም ከአራት ዓመት በፊት ልክ እንደሷ ነበርኩ።

ያኔ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አዲስ ታሪክ እጀምር ነበር። አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም "ውድድር ወጥቷል" ብሎ ከላከልኝ የያዝኩትን ጥዬ ወደዚያ ነው። አንዱ ስለ ንባብ፣ አንዱ ስለ ዓባይ፣ አንዱ ስለ ስደት። በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ታሪክ ጀምሬ የጨረስኩት አራቱን ነው፣ ከአራቱም ዛሬ መልሼ የማነበው አንዱን ብቻ። ረጅሙ ልብወለዴ ደግሞ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አምስት ወር ቆመ። ከባቲ ሰኞ ገበያ ወደ ደሴ እየተመላለሰች የምትነግድ ሴት ታሪክ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ስመለስበት የሴትዮዋ አነጋገር ጠፍቶኛል። ምን ትላለች ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፣ ድሮ ግን ዝም ብላ ትናገር ነበር። እሱን መልሶ ለማግኘት አንድ ክረምት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የወሰንኩት። አሁንም ወደ ውድድር እልካለሁ፣ እንዲያውም ከድሮው የበለጠ እልካለሁ። ለውድድር ብዬ የምጀምረው ታሪክ ግን የለም። መጻፍ ያለበትን እጽፋለሁ፣ ሲያልቅ አስቀምጠዋለሁ፣ ማስታወቂያ ሲወጣ ካስቀመጥኩት ውስጥ የሚስማማ አለ ወይ ብዬ አያለሁ። ካለ ይሄዳል። ከሌለ ያ ውድድር ይለፈኝ፣ በዓመቱ ይመጣል።

ቀኔ እንዲህ ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ጋቢ ተከናንቤ እስከ 1 ሰዓት ድረስ በእጅ እጽፋለሁ። በእጅ የምጽፈው አንደኛ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ስለማይገደኝ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ስልኬን ካነሣሁ ቴሌግራም ውስጥ እገባና ጠዋቱ ያልፋል። ጠዋት የረጅሙ ልብወለድ ብቻ ነው። የቱንም ያህል የማስረከቢያ ቀን ቢደርስ ጠዋቴን ለውድድር አልሰጥም። ጥሩ ቀን 400 ቃል ይወጣኛል፣ መጥፎ ቀን 100። ባቲ ላይ ቆማ የቀረችው ሴትዮ አሁን ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሳለች።

ሱቅ ውስጥ አልጽፍም፣ ግን እሰማለሁ። ይሄ ሥራ ለልብወለድ ጸሐፊ ትልቅ ጸጋ ነው። አንድ ጊዜ ከኩታበር አካባቢ የመጡ ሽማግሌ ስለ መሬት ድንበር አቤቱታ ያጽፉኝ ነበር። ድንበሩ ከየት እስከ የት እንደሆነ እየደጋገምኩ ስጠይቃቸው "ልጄ፣ ድንበሩን ተይውና ዛፉን ጻፊልኝ። ድንበሩን ባላጋራዬም ያውቀዋል። ዛፉን የተከለው ግን አባቴ ነው" አሉኝ። የሰውዬው ክርክር በሙሉ ዛፉ ውስጥ ነበር። ታሪኬ ውስጥ ስለ ጉዳዩ ማብራራት ሲያምረኝ እሳቸው ትዝ ይሉኛል፣ "ዛፉ የት አለ?" እላለሁ። የደንበኛን ጉዳይ ግን ወደ ታሪኬ አልወስድም። ሰው አምኖ ያስጻፈኝ ነገር የሱ ነው። የምወስደው የአነጋገር ዜማውን ነው።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ወደ አጫጭሮቹ እመለሳለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ማረም፣ ረቡዕ መላክ፣ ሐሙስ ማንበብ። አርብ ማታ እማ ቡና ታፈላለች፣ ያለቀ ታሪክ ካለኝ ለሷ አነብላታለሁ።

ስለ እሱ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። እማ ልብወለድ አንብባ አታውቅም። ቡናው ጀባ ተብሎ አቦሉ ሲቀዳ ማንበብ እጀምራለሁ፣ አንድ 2,000 ቃል ያለው ታሪክ ቶናው ሳያልቅ ያልቃል። አስተያየት አልጠይቃትም። እጇን ነው የማየው። ታሪኩ ከያዛት ስኒው በእጇ እንደተያዘ ይቆያል። ከለቀቃት ከሰሉን ማራገብ ትጀምራለች። ከሰሉን ያራገበችበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ፣ በማግስቱ ሳየው ዘጠና በመቶ እኔ ራሴ ወድጄው የተንዛዛሁበት ቦታ ነው።

አንድ ጊዜ ለልጇ ትምህርት ብላ የወርቅ ጉትቻዋን ስለሸጠች ሴት ጽፌ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማች። በረካው ሲቀዳ "ጉትቻዋን የሸጠች ሰሞን የሴት እጅ ጆሮዋ ላይ ይሄዳል። ያንቺዋ አንዴም አልነካችውም" አለችኝ። ሦስት ቦታ ላይ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረግኩት፣ ስለ ሐዘኗ የጻፍኩትን አንድ ሙሉ አንቀጽ ደግሞ አወጣሁት። ያ ታሪክ ሦስተኛ ወጣ። እስካሁን ያገኘሁት ሽልማት እሱ ብቻ ነው። ታሪኩን የሚሰማው ሰው ሲያጣ ብዙ ሰው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ይፈልጋል፣ እሱም ጥሩ ነው፣ እኔም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። ግን እዚያ ሰው ያጨበጭባል። ከሰል የሚያራግብልህ ሰው ቤትህ ነው ያለው።

አሁን ወደ ስሕተቶቼ። እነዚህን የምነግራችሁ እናንተ እንዳትደግሟቸው ነው።

አንደኛው የሰዓት ነገር ነው። ማስታወቂያው "እስከ ሰኔ 30፣ 12:00 ሰዓት" ይላል። ማስገቢያው የኢንተርኔት ቅጽ ስለሆነ እኩለ ሌሊት መስሎኝ ተረጋግቼ ቁጭ አልኩ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስከፍተው ተዘግቷል። እነሱ ያሉት የኛን 12 ሰዓት ነው፣ ማለትም ሠራተኛ ከቢሮ ሲወጣ። ወር ሙሉ ያረምኩት ታሪክ በሦስት ሰዓት ልዩነት ቀረ። ያን ማታ አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ደውዬ ወይም ጽፌ እጠይቃለሁ፣ መልስ ካላገኘሁ ደግሞ ቀደም ብሎ የሚመጣውን ሰዓት እይዛለሁ። ቀኑም እንደዚያው ነው። "ዲሴምበር 31" ማለት ብዙውን ጊዜ የኛ ታኅሣሥ 22 ነው፣ የታኅሣሥ መጨረሻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። የውጭ ከሆነና በግሪንዊች ሰዓት 11:59 ከምሽቱ ካለ ደግሞ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8:59 ነው። ለማንኛውም እኔ አሁን ማስረከቢያው ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ባለው ረቡዕ እልካለሁ። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ በመጨረሻው ቀን ሁሉም ነው የሚልከው።

ሁለተኛው የፊደል ነው፣ እሱ ደግሞ በኔ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሊሳሳተው የማይገባ ነበር። ሱቃችን ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው የተጫነበት። በሱ የተጻፈ ነገር ያ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚወጣው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን በ1999 ነው፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። እኔ በዚያ ኮምፒውተር ጽፌ የዎርድ ፋይሉን እንዳለ ላክኩት። ከሁለት ወር በኋላ "ጽሑፍዎ ሊነበብ አልቻለም" የሚል አንድ መስመር መጣልኝ። ስለዚህ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ወይም በሌላ ዩኒኮድ በሆነ ፎንት ጻፉ፣ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፣ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። በራሳችሁ ኮምፒውተር መክፈት ምንም አይነግራችሁም፣ ፎንቱ እዚያ አለና።

ፊደል ካነሣሁ አይቀር፣ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ላይ ዳኞች ይለያያሉ። አንዳንዱ በጣም ይጨነቅበታል፣ አንዳንዱ ግድ የለውም። እኔ የማደርገው አንድ ገጽ ላይ "ጸሐይ" ብዬ ሌላው ላይ "ፀሀይ" እንዳልል መጠበቅ ነው። ዎርድ ላይ ፈልጎ የሚተካው ነገር አለ፣ የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የቃል ብዛትም ሰውን ያሳስታል። በድሮው ልማድ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) እያደረጋችሁ ክፍት ቦታ ሳትተዉ የምትጽፉ ከሆነ ኮምፒውተሩ አረፍተ ነገሩን በሙሉ እንደ አንድ ቃል ሊቆጥረው ይችላል። ለውጭ ውድድር የምታስተረጉሙ ደግሞ ይሄን አስቡ፦ "አልነገረችኝም" በአማርኛ አንድ ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ አምስት ይሆናል። 2,150 ቃል የነበረ ታሪኬ ሲተረጎም 3,300 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጣሪያው 3,000 ለሆነ ውድድር ነበር ያዘጋጀሁት።

የውጭ ውድድር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ማን መወዳደር እንደሚችል አንብቡ። የኮመንዌልዝ የአጭር ልብወለድ ሽልማት ያልታተመ ሥራ ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም፣ ግን ለአባል አገሮች ዜጎች ነው፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። እኔ ይህን ያወቅኩት ታሪኬን አስተርጉሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የኬን ሽልማት ለአፍሪካ ጸሐፊዎች ክፍት ነው፣ ነገር ግን የሚወዳደረው ቀድሞ በእንግሊዝኛ የታተመ፣ ከ3,000 እስከ 10,000 ቃል ያለው ታሪክ ነው፣ ትርጉምም ይቀበላል፣ የሚያስገባው ግን አሳታሚው ነው። ስለዚህ ወደሱ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ መጽሔት ላይ መታተም ነው። እዚሁ አገር ደግሞ ሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የሚመዝነው የታተሙ መጻሕፍትን ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ላለ ረቂቅ አይሆንም። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲዎች፣ የባህል ቢሮዎች፣ የሬዲዮ ጣቢያዎችና የንባብ ክበቦች የሚያወጧቸው ትንንሾቹ ናቸው። እነሱ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ ውጤቱ የሚዘገይ አለ፣ ጭራሽ የማይመጣም አለ። መመዝገቢያ ብር የሚጠይቅ ግን እኔ አልልክም። ለማተሚያና ለመላኪያ የማወጣው ይበቃኛል።

የውድድሩን ደንብ ስታነቡ ስለ መብት የሚለው ላይ ቆም በሉ። የኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራችሁን ከፈጠራችሁበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ነው። ግን እናንተ ራሳችሁ ፈርማችሁ ከሰጣችሁት ሌላ ነገር ነው። "የገቡት ሥራዎች በሙሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ" የሚል አይቻለሁ፣ ያሸነፉት ብቻ አይደሉም፣ የገቡት በሙሉ። ጉትቻዋን የሸጠችውን ሴት ለዚያ ልልካት ነበር። ተውኩት። አንድ ጊዜ ይታተም ማለትና ለዘላለም ወሰድነው ማለት በጣም ይለያያል።

የአነጋገር ጉዳይም አለ። ታሪኮቼ ውስጥ ሰዎች እንደ ወሎ ሰው ነው የሚያወሩት። "አብሽሪ" ይላሉ፣ "ጀባ" ይላሉ፣ ክርስቲያኗ ጎረቤት ስለ ወዳጃ ታወራለች፣ ሙስሊሟ ስለ ጥምቀት። አንድ ዳኛ "ቋንቋው ወጥ ቢሆን" ብሎ ጽፎልኛል። ብዙ አሰብኩበት፣ አስተያየቱን የጻፈልኝ ሰው ታሪኩን በደንብ ያነበበ ነው። በመጨረሻ ትረካውን በሁሉም ሰው አማርኛ አደረግኩት፣ ንግግሩን ግን አልነካሁም። የትም ያለ አንባቢ ከሁኔታው የሚረዳውን ቃል እተዋለሁ፣ ማብራሪያም አልጨምርበትም። የአባቴን እናት እንደ ዜና አንባቢ ሳናግራት እውነት አይመስለኝም።

ስለ ማስቀመጥ አንድ ነገር ልበል። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ በጦርነቱ ምክንያት ደሴን ለቀን ስንወጣ ሁለት ደብተር ሱቅ ውስጥ ቀረ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ሱቁ ተዘርፏል፣ ኮምፒውተሩም የለም፣ ደብተሮቹም የሉም። ሰው የሞተበት ብዙ ነው፣ ስለ ደብተር ማውራት ይከብደኛል። ግን እነዚያ ሰማንያ ሰባት ገጾች አልተመለሱም። አሁን ጠዋት የጻፍኩትን ከቤት ሳልወጣ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልከዋለሁ። ያለቁት ታሪኮች ደግሞ ኢሜይሌ ላይ አሉ፣ ፍላሽ ላይ አሉ፣ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ጋም አሉ። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። በየቀኑ የተበላሸ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው አያለሁ።

ደብተሬ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ መስመር ለአንድ መላክ። የታሪኩ ርዕስ፣ የቃል ብዛት፣ የት እንደተላከ፣ የተላከበት ቀን፣ ውጤት የሚጠበቅበት ቀን፣ መልሱ። እስካሁን ሃያ ሦስት መስመር አለ። አሥራ አራቱ መልስ የላቸውም፣ ስድስቱ "አልተመረጠም" ይላሉ፣ ሁለቱ የመጨረሻ ዙር ደርሰዋል፣ አንዱ ሦስተኛ። አንድ ታሪክ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ እንዳልልክ የሚጠብቀኝ ይሄ ደብተር ነው፣ ብዙዎቹ ደንብ ላይ ክልክል ነው። መልስ ሲዘገይም መልእክት ስጠብቅ አልውልም፣ ደብተሩ ላይ ቀኑ አለ፣ ያ ቀን ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ ጽፌ አሳውቃለሁ፣ ታሪኩንም ወደ ሌላ እወስደዋለሁ። "አልተመረጠም" የሚለውን ስጽፍ ዛሬም ሆዴ ይባባል። ያን ዕለት አዲስ ነገር አላርምም፣ አንብቤ እተኛለሁ። በማግስቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ባቲ ያለችው ሴትዮ ትጠብቀኛለች።

ባለብርቱካኗ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ታሪኩን በሰዓቱ አልላከችውም። የሰላሙን ስብሰባ አውጥታ መጨረሻውን መናኸሪያው ላይ አድርጋዋለች፣ አውቶቡሱ ገብቶ ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ልጅቷ ልጣጩን ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "አሁን የት ልላከው?" አለችኝ። ለጊዜው የትም አልኳት፣ ሦስት ሳምንት ይቀመጥ፣ ከዚያ አንብቢው። ከመደርደሪያው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወረድኩላት፣ ማስመሪያ አመጣሁ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አብረን አሰመርነው።